ሣሩን የማይነክስ ጎማ

ጉንችሬ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለጋሽ ብርሃኔ፣ ካምፓላ

ከሁሉ በፊት የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎን፣ የጎማ ሱቅዎንና ጆሮዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን። እኔም እናቴም ደህና ነን። እማዬ ቡታጅራ ሆና ዛሬም የእርስዎን ስም ሳታነሳ ምሳ አትበላም።

እኔ ሔራን ነኝ፤ የእህትዎ የወይዘሮ መሰለች ልጅ። እርስዎ ከአገር ሲወጡ ገና ጥርስ አላወጣሁም ነበር አሉ። አሁን ጥርስ ያጣው ጎማዬ ነውና የምጽፍልዎ በዚሁ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ልደውል ብዬ ነበር። እማዬ ግን «በጋራዥ ጩኸት ጆሮው ከብዷል፤ ስልክ ላይ አዎ አዎ ብሎ ነው የሚዘጋው፤ ንባብ ላይ ግን ማንም አይደርስበትም» አለችኝ። ስለዚህ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ ጉንችሬ ተመድቤአለሁ። በየመንደሩ እየዞርኩ ከብት እከትባለሁ፣ የታመመ ጥጃ አያለሁ፣ መውለድ ያቃታትን ላም አዋልዳለሁ። ለሥራው ሞተር ሳይክል ተሰጥቶኛል። ሞተሩ እንኳ ጎበዝ ነው፤ ጎማው ግን ልሙጥ ሆኗል። እዚህ ከተማ ያለው ጎሚስታ ራምዚ በእጁ ዳሰስ አደረገና «እህቴ፣ ይሄ ጎማ ሳይሆን ቂጣ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። መሥሪያ ቤቱ ጎማ የሚገዛው በዕቅድ ነው፤ ክረምቱ ደግሞ የማንንም ዕቅድ አይጠብቅም።

ጋሼ፣ ገንዘብ ልጠይቅዎ አይደለም። ከደመወዜ አስቀምጫለሁ። ችግሬ ሱቅ ስገባ ሁሉም ጎማ ጥቁር፣ ሁሉም ክብ መሆኑ ነው። ሻጩን ስጠይቀው «ሁሉም አሪፍ ነው» ይለኛል። ጭቃ ላይ የማያንሸራትት፣ ስታጠፍ የማይከዳኝ የትኛው ነው? እባክዎ እርስዎ ይምረጡልኝ።

በነገራችን ላይ የግራ መስታወቱ ተሰብሯል፤ የግራ እግር ማሳረፊያውም ጎበጥ ብሏል። እሱ ግን ከጎማው ጋር አይገናኝም።

የእህትዎ ልጅ
ሔራን


ካምፓላ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለሔራን

እንደምን ከረምሽ የእህቴ ልጅ? የጉራጌ ክረምት እንዳይበረታብሽ፣ እጅሽ የነካው ከብት ሁሉ እንዲድን ምኞቴ ነው። እኔ ከጆሮዬ በቀር ሙሉ ነኝ፤ እሱም ቢሆን የማይረባ ወሬ እንዳልሰማ ጠቅሞኛል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከአገር ቤት የሚመጣልኝ መልእክት ሁሉ መጨረሻው «ላክልን» ነው። አልቀየምም፤ ያለው ሰው ይልካል፤ ወግ ነው። «ይምረጡልኝ» ያለኝ ዘመድ ግን ከአንቺ በፊት አልነበረም። ይህን ሁሉ ዘመን ጎማ ስሸጥ፣ ስላለኝ ነገር እንጂ ስለማውቀው ነገር የጠየቀኝ የለም። ደስ አለኝ። ትንሽም አለቀስኩ፤ እሱን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።

አሁን ወደ ሥራችን። መዳፍሽን ዘርግተሽ እዪው። አንድ የሞተር ጎማ መሬት የሚነካው ይህችኑ በምታህል ቦታ ብቻ ነው። ስትታጠፊ፣ ፍሬን ስትይዢ፣ ዳገት ስትወጪ፣ ነፍስሽ ያለችው እዚያች ላይ ነው። ጥርሱ አጭርና የተጠጋጋ ጎማ ለአስፋልት ግሩም ነው፤ ጭቃ ላይ ግን ክፍተቱ ይደፈንና ልሙጥ ይሆናል። ጥርሱ ረጅምና የተራራቀው ደግሞ ጭቃውን እየነከሰ፣ ወዲያው እየተፋ ይሄዳል። ያንቺ መንገድ ጭቃ ከሆነ የሚያስፈልግሽ ነካሹ ነው። እኛ እዚህ ዝናብና ቀይ አፈር አናጣም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ማንም አይሸውደኝም።

ሁለቱንም ጎማ ከነከመነዳሪው፣ ከነውስጥ ላስቲኩ ማለቴ ነው፣ መርጬልሻለሁ፤ አስረስ የሚባል ወዳጄ ወደ አዲስ አበባ ስለሚበር ይዞልሽ ይመጣል። ዋጋ እንዳታነሺብኝ። ጎማው ጎን ላይ ቀስት አለ፤ ራምዚ ቀስቱን ወደ ፊት አድርጎ ይግጠመው። ነፋስ ከመጠን በላይ እንዳያስሞላብሽ፤ የደረቀ ኳስ ያደርገዋል።

ደግሞ አንድ ነገር። የግራ መስታወት ብቻውን አይሰበርም፤ የግራ እግር ማሳረፊያም ብቻውን አይጎብጥም። አንቺ ልጅ ወድቀሻል፤ በግራ ጎንሽ ነው የወደቅሽው። ክንድሽ እንዴት ነው? እውነቱን ጻፊልኝ።

አጎትሽ
ብርሃኔ


ጉንችሬ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሽ ብርሃኔ

ሰላምታዬ ከነምስጋናዬ ይድረስዎ፤ እጅዎ ይባረክ፣ መንገድዎ ይቅና። አቶ አስረስ ኤርፖርቱ ውስጥ ጎማ እንደ ሐብል አንገታቸው ላይ አጥልቀው ሲወጡ ሰው ሁሉ እየሳቀ መንገድ እንደለቀቀላቸው ነገሩኝ። እኔም ወልቂጤ መናኸሪያ ሄጄ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አወረድኩት። ራምዚ ሲያየው እጁን አፉ ላይ ጭኖ «ይሄማ አዞ ነው» አለ። እነሆ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞተሬ ስም አዞ ሆነ።

እውነት ነው፣ ወድቄአለሁ። ቁልቁለት ላይ የኋላው ጎማ ቀድሞኝ ሄደ። ክንዴ ተልጦ ነበር፤ አሁን ድኗል። ለእማዬ «አጥር ቧጠጠኝ» ብያታለሁ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ባየሁ ቁጥር መንገዱን እፈራ ነበር፤ አንዳንዴም ምክንያት ፈልጌ ጉዞውን ለነገ አሳድረው ነበር። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

አሁን ግን ጋሼ፣ እንዴት ብዬ ላስረዳዎ! ትናንት እየዘነበ ያንኑ ቁልቁለት ወረድኩት። የፊቱ ጎማ ስጠመዝዘው ወደዞርኩበት ይዞራል፤ ፍሬን ስይዝ መሬቱን ጨበጥ ሲያደርግ በእጄ ይሰማኛል። ከታች ደርሼ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ በጀፎረው መሃል ለመሃል ሽቅብ ወጣሁ። ጀፎረ እዚህ በመንደሩ መካከል ያለው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረዋል። እንዲህ ያለ የሚያምር መንገድ በሕይወቴ አላየሁም። እርጥብ ሣር ላይ እንኳ አዞው ንቅንቅ አላለም። ላም ያላት ፈትሂያ የምትባል ሴት በር ላይ ቆማ አጨበጨበችልኝ።

እርስዎ ያልፈሩልኝን እኔም አልፈራም ብያለሁ።

ሔራን


ካምፓላ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጀግናዋ ሔራን

ጤናና ብርታት አይለይሽ። ደብዳቤሽን ሱቄ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። አማርኛ የማያነቡት ደንበኞቼ ምን እንደሚል ሲጠይቁኝ፣ «የእህቴ ልጅ የላም ሐኪም ናት፤ በጭቃ ውስጥ በሞተር ትሄዳለች» እላቸዋለሁ። አንዱ ሽማግሌ ደንበኛዬ ኮፍያውን አወለቀልሽ።

ያልፈራሁልሽ ግን እንዳይመስልሽ። ከአንቺ ደብዳቤ ወዲህ እዚህ በዘነበ ቁጥር ያንን ቁልቁለት ነው የማስበው።

ጎማው ሲሰነብት ፎቶውን ላኪልኝ። እኔ ጥርሱ እንዴት እንደተበላ አይቼ ነፋሱ ልክ መሆን አለመሆኑን እነግርሻለሁ።

ብርሃኔ


ጉንችሬ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሽ ብርሃኔ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፎቶ ላኪ ብለውኝ ነበር፤ የላክሁልዎ ፎቶ ግን የጎማው ሳይሆን ጎማው የሠራው ነው። ያዩት ጥቁር መስመር ቦይ አይደለም። ጀፎረው ነው።

የመንደሩ ሽማግሌዎች አስጠርተውኝ ነበር። ስለ ሞተሩ ድምፅ መስሎኝ አፌን አሟሽቼ፣ ክርክሬን አዘጋጅቼ ሄድኩ። ሐጂ ሙስተፋ የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ «አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ቡታጅራ እናትሽ ደህና ናት?» ብለው ሁሉን ጠይቀው ሲያበቁ ይዘውኝ ወጡ። አልጮሁም። ጎንበስ ብለው ያን ቦይ በእጃቸው ዳሰሱት፤ የተገነጠለውን ሣር አንስተው ወደ ቦታው መልሰው ጫን አደረጉት። አልያዘላቸውም።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «መድኃኒትሽን እንወዳለን። አንቺን እንወዳለን። ግን ይሄ የማንም አይደለም፤ የሁላችን ነው። ሰርጋችን እዚህ ነው፣ ለቅሷችን እዚህ ነው፣ እርቃችን እዚህ ነው። ሀብታሙም ድሃውም አጥሩን አይገፋበትም። መሬት ጠቦን ልጆቻችን አዲስ አበባ ሲሰደዱ እንኳ ማረሻ አላገባንበትም። እኛ ያላረስነውን አንቺ በሞተር አረስሽው።»

ጋሼ፣ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ይህን ሁሉ ጊዜ «ምን የመሰለ መንገድ ነው» እያልኩ ስመላለስበት ለምን ማንም ጋሪ እንደማይነዳበት አንድ ቀን አልጠየቅሁም። የከተማ ልጅ ነኛ! አፈርኩ፤ አፍሬም ደግሞ በራሴ ተናደድኩ። ሽማግሌዎቹ ግን እንዴት ያሉ ሰዎች መሰሉዎት! ሣር እንዲህ ሲከበር አይቼ አላውቅም።

የፈረዱብኝ ይህ ነው። የቀደድኩትን እስከ መስቀል መልሼ ሣር አለብሰዋለሁ፤ ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገባው ሰው ጀፎረውን እንዲህ ማየት የለበትም። ሞተሬም ከዛሬ ጀምሮ ከጀፎረው ጫፍ አያልፍም። ችግሩ ከቤቶቹ በስተጀርባ ያለው እንሰትና ገደል ነው፤ ሌላ መተላለፊያ የለም። ወዲያ ማዶ ያሉት መንደሮች ሩቅ ስለሆኑ በእግር አይደረስባቸውም። ማዶ ካልደረስኩ ሥራዬ ግማሹ ተቆረጠ ማለት ነው። እማዬ ይህን ሰምታ ቡታጅራ ቢሮ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ይፈለጋል እያለች ነው፤ አለቃዬም «ካልቻልሽ ሞተሩን ለሌላ እንስጠው» ብሎኛል።

መሄድ አልፈልግም። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ጭቃውን የሚጨብጥ፣ ሣሩን ግን የማይነክስ ጎማ አለ?

ሔራን


ካምፓላ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሔራን

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልሽ። የዘገየሁት ተቀይሜ አይደለም። ፎቶውን ደጋግሜ ስመለከት ከርሜ ነው። ያ ጥርስ የእኔ ምርጫ ነው። ስለ ጭቃው ጻፍኩልሽ፣ ስለ ዳገቱ አሰብኩ፤ መሬቱ የማን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። ነጋዴ አይደለሁ? ሐጂ ሙስተፋ መፍረድ የነበረባቸው በእኔ ላይ ነው። ሰላምታዬን ንገሪያቸው።

ለጥያቄሽ እውነቱን ልመልስ፤ የለም። ሞተር በጉልበቱ ሲያሽከረክረው እርጥብ ሣር የማይቀድ ጎማ አልተሠራም። «አለ» የሚልሽ ሻጭ ካጋጠመሽ ከሱቁ ውጪ። ነገር ግን ልብ በይ፤ ሣሩን የሚገነጥለው የሞተሩ ክብደት ብቻ አይደለም። ሞተሩ ጎማውን በግድ ሲያዞረውና ጎማው ቦታው ላይ ሲሽከረከር ነው። ሞተሩን አጥፍተሽ ብትገፊው ጎማው ሣሩን ያስተኛዋል እንጂ አይነቅለውም፤ የተኛ ሣር ይነሳል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን አንድ ነገር ለምኚ፤ «አጥፍቼ ልግፋው» በያቸው።

ጎማውን ግን ቀይሪ። እንደ አዞው የተራራቀ ጥርስ ስትገፊውም ይወጋል። መካከለኛውን ፈልጊ፤ መሃሉ ጥርሱ የተጠጋጋና ሰፋ ያለ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ግን ክፍት ክፍት ያለ። መሃሉ ለሣሩ ይራራለታል፤ ዳሩ ስትታጠፊ ጭቃውን ይይዝልሻል። ያንን ቁልቁለት እንደ አዞው አይጨብጥልሽም፤ ቀስ ብለሽ ውረጂ። በአውራ ጣትሽ ጥርሱን ተጫኚው፤ ትንሽ ገባ ካለልሽ ላስቲኩ ሕያው ነው፤ እንደ ድንጋይ ከሆነ ሱቅ ውስጥ አርጅቷል። ጎኑን ጎበጥ አድርጊና የተሰነጠቀ ካለ ተዪው።

በዚህ ጊዜ አልልክልሽም። አቅም አጥቼ አይደለም። መሬቱን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ምረጪ።

ብርሃኔ


ጉንችሬ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሽ ብርሃኔ

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን፣ ለብርሃነ መስቀሉም በሰላም አደረሰዎ። ደስታዬ ሊያፍነኝ ስለሆነ ሰላምታውን አላስረዝምም።

ጎማውን ቡታጅራ ገዛሁ። ማን አብሮኝ እንደሄደ አይገምቱም። እማዬ! «እምቢ ካልሽማ ደህናውን ግዢ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችኝ። እኔ አውራ ጣቴን ስጫን እሷም ትጫናለች፤ ሻጩ «እማማ፣ አቮካዶ አይደለም እኮ» አላት። «ዝም በል፣ ወንድሜ ያዘዘው ነው» ብላ አሳፈረችው። ሦስተኛው ላይ ሁለታችንም እኩል «ይሄ!» አልን። የክንዴን ነገርም እዚያው ሱቁ ውስጥ ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ከዚያ ወደ ሻጩ ዞራ ሄልሜት ደግሞ አሳየኝ አለችው።

ጀፎረውን ሞላሁት። አፈሩን ከወንዙ ዳር በጆንያ አመጣሁ፤ ሣሩን ከነሥሩ እየቆረጥኩ፣ እንደ ጨርቅ እየጣፍኩ ተከልኩት። መጀመሪያ ብቻዬን ነበርኩ። ኋላ ፈትሂያ መጣች፤ ከዚያ ጎረቤቶቿ፤ ከዚያ ማን እንደመጣ እንኳ አላውቅም፤ ቀና ስል ሰው ብቻ ነው። ሐጂ «አጥፍተሽ ግፊው» የሚለውን አሰቡበትና ተቀበሉ። ስለዚህ ጫፉ ላይ ደርሼ አጠፋዋለሁ፤ ወዲያ ማዶ እስክደርስ እገፋዋለሁ። ላቤ ጠብ ይላል። ከአዲስ አበባ ለመስቀል የገቡት ጎረምሶች «ቤንዚን አለቀብሽ እንዴ?» እያሉ ሲያሾፉብኝ ያገሬው ሕፃናት ናቸው የሚመልሱላቸው።

ዋናው ወሬ ይህ ነው። የመስቀል ማግስት የፈትሂያ ላም ምጥ ያዛትና ጥጃው እግሩን አጥፎ ቀረ። እየዘነበ ነው። ያንን ቁልቁለት በአዲሱ ጎማ ወረድኩት፤ እንዳሉት ቀስ ብዬ፤ አልከዳኝም። የፈትሂያ ቤት ያለው በጀፎረው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ከዚህ ጫፍ ሆኜ የላሟን ጩኸት እሰማለሁ። ላሟ ከሞተች ፈትሂያ ሌላ የላትም። እጄ መሪው ላይ ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ነው። አንድ ጊዜ በሣሩ ላይ ብለቀው እዚያ ነኝ። ጋሼ፣ ልዋሽዎ አልችልም፤ ልለቀው ነበር። ከዚያ የተከልነው ሣር ከጎማዬ ፊት ገና አዲስ ሥር ሲይዝ አየሁት። አጠፋሁት። ሞተሩን እዚያው ጥዬ ሻንጣዬን ይዤ ሮጥኩ።

ከኋላዬ አንድ ሰው «አምጪው!» ብሎ ሻንጣውን ከእጄ ነጠቀኝ። ሐጂ ሙስተፋ ናቸው! በዚያ ዕድሜያቸው፣ በኮንጎ ጫማ፣ ኮታቸው እየተርገበገበ ከፊቴ ይሮጣሉ። መሃል ላይ ሸርተት ብለው ቁጭ አሉ፤ ሻንጣውን ግን ሽቅብ ይዘውታል። እኔ ላነሳቸው ስል «እኔን ተዪኝ፣ ላሚቱን!» ብለው ገሰጹኝ።

ጥጃዋ ወጣች። ሴት ናት፤ ጆሮዋ ላይ ነጭ ነጥብ አላት። ፈትሂያ እያለቀሰች እየሳቀች እጄን ሳመችው። ሐጂ ጭቃቸውን እያራገፉ በሩ ላይ ቆመው ለተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ሁሉ እንዲሰማ «ሞተሩን ማንም እንዳያስነሳው፤ ዝናቡ ሲያባራ እኛ እንገፋላታለን» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ኮንጎ ጫማቸውን አገላብጠው አሳዩኝ። «እዪው፣ ጥርሱ አልቋል። ለአጎትሽ ጻፊለት፤ ለእኔም ይምረጥልኝ።»

ቡታጅራ አልሄድም ጋሼ። እዚሁ ነኝ።

ሔራን


ካምፓላ፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለሔራን

ሰላምታዬ ለአንቺ፣ ለጥጃዋ፣ ለሐጂም ይድረስ።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ሱቄን ዘግቼ ነው። ሰው የሚያከብረው በሞተር ያለፈውን መስሎኝ ነበር የኖርኩት፤ አንቺ ግን አጥፍተሽ በመሮጥሽ አስከበርሽኝ። እኔ እዚያ ብሆን ሞተሩን በሣሩ ላይ የምለቀው ይመስለኛል።

አሁን የምነግርሽን ለእናትሽ አንብቢላት። ለብዙ ዓመት መስቀል ሲመጣ «ዘንድሮ አልተመቸኝም» እላት የነበረው በእውነት ሳይመቸኝ ቀርቶ አልነበረም። እጄን ሞልቼ ካልሆነ አልገባም ብዬ ነው፤ እጅ ደግሞ መቼም አይሞላም። ለሚመጣው መስቀል እገባለሁ። የምይዘው ለሐጂ የሚሆን ጥርስ ያለው ጫማ ብቻ ነው፤ የእግራቸውን ቁጥር ለክተሽ ላኪልኝ።

ለራሴ ግን ምን ጫማ አድርጌ ጀፎረውን እንደምረግጠው አላውቅም። ይህን እንኳ አንቺ ምረጪልኝ።

አጎትሽ
ብርሃኔ